ያለፈ ብር ምክር አይሰጥም

ዛሬ ዋጋ ከመለጠፌ በፊት አጭር ትምህርት።

ባለፈው ሳምንት አንድ የዩኒየን ሥራ አስኪያጅ ደወሉልኝ። የቡና መፈልፈያቸው አሮጌ ጄኔሬተር ናፍጣ እየጠጣ አስቸግሯቸዋል። በአዲስ እንለውጠው ሲሉ፣ ቦርዱ «አምና 900 ሺህ ብር አውጥተን ያሳደስነውን እንዴት እንጥለዋለን?» አላቸው። እኔም «ጋሼ፣ ያ ብር ቢለወጥም ባይለወጥም አይመለስም» አልኳቸው።

ይሄ የሰመጠ ወጪ ይባላል። እኔ ራሴ በቆሎ በውድ ገዝቼ፣ ዋጋው ሲወርድ «ከገዛሁበት በታች አልሸጥም» ብዬ ነቀዝ አስበልቼዋለሁ። ገበያው በስንት ገዛህ ብሎ አይጠይቅም።

ስለዚህ ወጪውን በሦስት ክፈሉት፦

1. የሰመጠ፦ የድሮው መግዣና እድሳት። ከስሌቱ ይውጣ።
2. ቋሚ፦ ማሽኑ ቢሠራም ባይሠራም የሚከፈል። የኦፕሬተርና የጥበቃ ደመወዝ በሁለቱም እኩል ከሆነ ይውጣ። የአዲሱ ዋጋና ወለድ ግን ገና አልሰመጠም፤ ይግባ።
3. የሥራ ማስኬጃ፦ ናፍጣ፣ ዘይት፣ ጥገና። ይግባ።

ለምሳሌ ያህል እንቁጠር (ቁጥሩ ለስሌት ብቻ ነው)። አሮጌው ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 0.4 ሊትር፣ አዲሱ 0.3 ሊትር ይፈጃል። ናፍጣ በሊትር 120 ብር ብንል ልዩነቱ 12 ብር ነው። በጥገና ደግሞ አዲሱ በዓመት 200 ሺህ ያድናል። አዲሱ 6 ሚሊዮን ነው፤ አሮጌው 500 ሺህ ቢሸጥ 5.5 ሚሊዮን ይጨመራል። ለ10 ዓመት ሲካፈል 550 ሺህ፣ የመጀመሪያው ዓመት 15 በመቶ ወለድ 825 ሺህ፤ ድምር 1 ሚሊዮን 375 ሺህ።

በዓመት 20 ሺህ ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ካመነጨ የሚድነው 440 ሺህ ነው፤ አሮጌው ይቆይ። 150 ሺህ ካመነጨ 2 ሚሊዮን ይድናል፤ ይለወጥ። ያ 900 ሺህ የትም አልገባም፣ አያችሁ?

ትልልቅ የኃይል ማመንጫዎችም በዚሁ ስሌት ነው የሚሠሩት። የውኃ ግድብ ወጪው ግንባታው ላይ ነው፤ አንዴ ካለቀ ውኃው አይገዛም። የናፍጣ ማመንጫ ለመትከል ይቀላል፣ ሲሠራ ግን በየሰዓቱ ብር ያቃጥላል። ስለዚህ ግድቡ ቀድሞ ይሠራል፤ የናፍጣ ማመንጫዎች ለክፉ ቀን ይጠበቃሉ። አሮጌ ሁሉ አይጣልም፤ ጥቂት ሰዓት ለሚሠራ ሥራ አሮጌው ያዋጣል።

ጋሼን የጠየቅኳቸው አንድ ነገር ነው፦ «አምና ስንት ሰዓት ሠራ?» መዝገቡን አስቆጥረው ሊደውሉልኝ ተቀጣጥረናል። እናንተም ቦርድ ከመሰብሰባችሁ በፊት መዝገቡን ቁጠሩ።

መልካም ገበያ!