የውሃን ጥልቀት በድምፅ የሚለካውን መሣሪያ በጀልባ ሆድ ላይ መርጦ ስለ መትከል

ሰውና እህል የሚያመላልስ የሞተር ጀልባ በግዛቱ ያለው ሹም ወይም ባለጀልባ፥ ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ከጀልባው ሆድ በታች ምን ያህል ውሃ እንዳለ ነው። ለዚህ የጣና ሐይቅ በቂ ምሳሌ ነው። ሐይቁ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሰፋ፥ እጅግ ጥልቅ በሆነው ስፍራ እንኳ ጥልቀቱ 14 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ግልገል ዓባይ፥ ጉማራ፥ ርብና መገጭ በክረምት ደለል እየጫኑ ስለሚገቡበት፥ በአፋቸው አጠገብ ያለው ውሃ ድፍርስና ጥልቀት የሌለው ነው። በ1995 ዓ.ም. የሐይቁ ውሃ እጅግ በጐደለ ጊዜ መርከቦቹ አራት ወር ያህል ከመንገድ ቀርተው ነበር። የደንገል ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው በእጁ ባለው ዘንግ ታቹን ይነካል፤ ብዙ ሰው የጫነ የሞተር ጀልባ ግን በዘንግ እየዳሰሰ ሊሄድ አይችልም።

ድምፅ በውሃ ውስጥ ያለውን ፍጥነት በ1826 (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) ኮላዶን የተባለ የስዊስ ሊቅ በጄኔቭ ሐይቅ ላይ ከውሃ በታች ደወል በማስደወል ለክቶት ነበር። ታይታኒክ የተባለው መርከብ በ1912 ከሰጠመ በኋላ፥ አሌክሳንደር ቤም የተባለው ጀርመናዊ የበረዶ ተራራን በድምፅ አስቀድሞ ለማወቅ ሲደክም፥ ብልሃቱ ጥልቀትን ለመለካት የሚበጅ ሆኖ አገኘው። የመሣሪያው አሠራር ረቂቅ አይደለም። ትራንስዱሰር የሚባለው ክፍል ወደ ታች ድምፅ ይልካል፤ ድምፁም ከታቹ ተመልሶ ሲመጣ ይቀበለዋል። ድምፅ በጨዋማ ባልሆነ ውሃ በሰከንድ 1,480 ሜትር ያህል ስለሚሄድ፥ ደርሶ ለመመለስ የሰከንድ አንድ መቶኛ ቢፈጅበት ታቹ 7 ሜትር ከ40 ሳንቲ ሜትር ይርቃል ማለት ነው።

ሲገዙ ብዙ ኃይል ያለውን መምረጥ ይሻላል የሚል አሳብ በብዙዎች ዘንድ አለ፤ ይህ ግን ለባሕረኛ እንጂ ለሐይቅ ሰው አይረባም። 50 ኪሎኸርዝ የሆነው ድምፅ ለጥልቅ ባሕር ነው፤ ጥልቀት ለሌለው ሐይቅ 200 ኪሎኸርዝ የሆነው ታቹን አጥርቶ ያሳያል። ድምፁ 20 ዲግሪ የሚሰፋ ከሆነ፥ በ8 ሜትር ጥልቀት ላይ ወደ 3 ሜትር የሚጠጋ ክብ ይሸፍናል። ከዚህ ክብ ውጭ ያለውን፥ ይልቁንም ከጀልባው ፊት ያለውን ድንጋይ፥ መሣሪያው አያየውም። ይህን ያላወቀ ነጂ መሣሪያውን ተማምኖ በፍጥነት ሄዶ ከድንጋይ ጋር ቢጋጭ፥ ጥፋቱ የመሣሪያው አይደለም።

ሁሉም ጀልባ መበሳት አለበት ማለት አይደለም። ሞተሩ ከኋላ የሚንጠለጠል ትንሽ ጀልባ ከሆነ፥ በኋላው ሰሌዳ ላይ የሚታሰረው ዓይነት ይበቃዋል። ሆዱ ድፍን ፋይበርግላስ የሆነ ጀልባም ከውስጥ በሚለጠፈው ዓይነት መሥራት ይችላል፤ በእንጨትና በብረት ሆድ ግን ድምፁ አልፎ አይሄድም። ሆድን በስቶ የሚተከለው ለትልልቆቹ ጀልባዎች ነው፤ እርሱም ከሁሉ ይልቅ አጥርቶ ይሰማል።

የሚተከለው ዕቃ የተሠራበት ነገር ከጀልባው ጋር መስማማት አለበት። እንጨት ውሃ ሲጠጣ ያብጣልና ፕላስቲክ የሆነውን ጨምቆ ይሰነጥቀዋል፤ ቀዳዳውም ወዲያው የውሃ መግቢያ ይሆናል። ስለዚህ ለእንጨት ጀልባ ነሐስ ይገዛል። ነሐስ ደግሞ ከአሉሚኒየም ጋር በውሃ ውስጥ ሲገናኝ አሉሚኒየሙ እየተበላ ያልቃልና፥ ለአሉሚኒየም ጀልባ ፕላስቲክ ይሻላል። ለፋይበርግላስ ሁለቱም ይሆናሉ። ገንዘብ ለመቈጠብ ሲባል ይህን ማፋለስ ተሳፋሪውን በውሃ ላይ መጣል ነው።

ስፍራው ሁልጊዜ በውሃ ውስጥ የሚቈይ፥ አረፋና ሽክርክሪት የማይደርስበት፥ ከሞተሩ መዘውር ፊት ያለ ይሁን። አረፋ ለመሣሪያው እንደ ግድግዳ ነው፤ ድምፁን አያሳልፍም። ውሃ ከሚያስገቡና ከሚያስወጡ ቧንቧዎች ኋላ አይተከል። በቀስታ ለሚሄድ ከባድ ጀልባ ከሆዱ መካከል አጠገብ ያለው ስፍራ የተመረጠ ነው። የጀልባው ሆድ ተዳፋት ከሆነ የመሣሪያው ፊት ቀጥ ብሎ ወደ ታች እንዲያይ በእንጨት ወይም በፕላስቲክ ድጋፍ ይስተካከላል፤ አለዚያ 12 ወይም 20 ዲግሪ ያዘነበለው ዓይነት ይገዛል።

ጀልባው ወደ የብስ ወጥቶ ከደረቀ በኋላ፥ በመጀመሪያ ከውስጥ ወደ ውጭ በቀጭን መሰርሰሪያ ትንሽ ቀዳዳ ይወጣል፤ ይህም ከውጭ ሲታይ ስፍራው የታሰበው መሆኑን ለማረጋገጥ ነው። ከዚያ ክብ በሚያወጣ መጋዝ ከውጭ ይበሳል። ዙሪያው በሸካራ ወረቀት ተፍቆ ከቅባትና ከትቢያ ይጸዳል፤ ውሃ የማይፈታው የጀልባ ማሸጊያም በዕቃው አንገትና ሆዱን በሚነካው ከንፈር ላይ በብዛት ይቀባል። ዳዶው በእጅ ይጠብቃል እንጂ በትልቅ መፍቻ አይታገሉትም። በእንጨት ጀልባ ላይ እንጨቱ እስኪያብጥ ድረስ ጨርሶ ማጥበቅ ክልክል ነው። ሽቦው ከሞተሩ ሽቦዎች ርቆ ይዘርጋ፤ ረዘመ ተብሎም አይቈረጥ።

ጀልባው ወደ ውሃ በገባበት ቅጽበት አንድ ሰው ቀዳዳውን በመብራት ይመልከት፤ በሦስት ሰዓት ውስጥም ደግሞ ይይ። ጥቂት ብቻ የሚያንጠባጥብ ጀልባ ማታ በወደብ ታስሮ ቢያድር ሊሰጥም ይችላል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትም ይህ ነው። መሣሪያው የሚቈጥረው ከራሱ ፊት ጀምሮ ነው። ፊቱ ከውሃው ገጽ 50 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ፥ የመዘውሩ ጫፍ ደግሞ ከዚያ በታች 40 ሳንቲ ሜትር ቢወርድ፥ መስታወቱ 1 ሜትር ሲያሳይ የውሃው ጥልቀት 1 ሜትር ከ50 ነው፤ ከመዘውሩ በታች የቀረው ግን 60 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። መሣሪያው ይህን ልዩነት እንዲቀንስ አስቀድሞ ሊስተካከል ይችላል። የተስተካከለበትም ቍጥር በጀልባው መሪ አጠገብ ተጽፎ ይለጠፍ፤ ነጂ ሲለወጥ አዲሱ በየትኛው ቍጥር እንደሚነዳ እንዲያውቅ።