አይስላንድኛ ለጀማሪ

አይስላንድ በሰሜን አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ የምትገኝ የአውሮፓ ደሴት ናት። ሕዝቧ 400 ሺህ ያህል ቢሆን ነው። ቢሆንም ትምህርቱም፣ ፍርዱም፣ ጋዜጣውም በራሱ ቋንቋ በአይስላንድኛ ነው። ከውጭ ሄዶ የሚኖር ሰው ዜግነት ሲጠይቅ በዚህ ቋንቋ ይፈተናል። ታዲያ ጀማሪ ከምን ይነሣ? ከድምፅና ከቃል መጨረሻ ይነሣ እንላለን።

1. ድምፅ
ድምፅ የሚበረታው በቃሉ መጀመሪያ ላይ ነው። «ረ» እንደኛው ምላስን አርገብግቦ ይነገራል። በአማርኛ የሌለ ድምፅም አለ፤ የምላሳችንን ጫፍ በላይና በታች ጥርሳችን መካከል አድርገን «ሰ» ለማለት ብንሞክር እናገኘዋለን። «አመሰግናለሁ» ለማለት «ታህክ» ይላሉ። «ህ» በጽሑፍ የለችም፤ ከ«ክ» በፊት ትንፋሽ ስለሚወጣ ትሰማለች እንጂ።

2. የቃል መጨረሻ
እኛ «ፈረስ» እንላለን፤ የታወቀ ሲሆን «ፈረሱ» እንላለን። እነርሱም «ሄስቱር» ይላሉ፤ የታወቀ ሲሆን «ሄስቱሪን» ይላሉ። በሁለቱም ቋንቋ ምልክቱ ከቃሉ ኋላ ይቀጠላል።
ልዩነት ግን አለ። «ስለ ፈረስ፣ ከፈረስ፣ ወደ ፈረስ» ስንል «ፈረስ» የሚለው ቃል አይለወጥም። በአይስላንድኛ ግን «ስለ» ሲባል «ሄስት»፣ «ከ» ሲባል «ሄስቲ»፣ «ወደ» ሲባል «ሄስትስ» ይሆናል። «የፈረስ» ለማለትም «ሄስትስ» ነው። ከ«ሄስቱር» ጋር አራት መልክ መሆኑ ነው።

3. የሰው ስም
የሰው ስምም ከዚህ ደንብ አያመልጥም። አብዛኛው አይስላንዳዊ እንደኛ በራሱ ስም ይጠራል፤ የአባቱ ስም ይከተላል። አባት «ዮውን» ቢባል «የዮውን» ለማለት «ዮውንስ» ይሆናል። ስለዚህ ወንድ ልጁ «ዮውንሶን»፣ ሴት ልጁ «ዮውንስዶህቲር» ይባላሉ።
ቪግዲስ ፊንቦጋዶህቲር በ1972 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን 1980) የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ በዓለም በሕዝብ ድምፅ ፕሬዚዳንት የሆኑ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። የአባታቸው ስም «ፊንቦጋ» ነው ብንል ግን ተሳስተናል። ስሙ «ፊንቦጊ» ነው፤ «የፊንቦጊ» ሲባል «ፊንቦጋ» ሆነ።

እንግዲህ አዲስ ቃል ስንይዝ መነሻውን ብቻ ሳይሆን መጨረሻውንም አብረን እንያዝ። አንዱን ቃል ከአራት መልኩ ጋር ማወቅ፣ አራት ቃል በጎደሎ ከማወቅ ይሻላል።

ጥያቄዎች
1. «ስለ ፈረስ» ሲባል «ሄስቱር» ምን ይሆናል?
2. «ዮውንስዶህቲር» ማለት ምን ማለት ነው?
3. እኛ «ፈረሱ» እና «ፈረሱን» ስንል ልዩነቱ ምንድን ነው?