ቶሮንቶ የተነደፈ ቤት ባሕር ዳር ሲገነባ፦ የቤት ንድፍ ሶፍትዌር ችግሮችና መፍትሔዎቻቸው

በቶሮንቶ ከተማ መሐል፣ በሸርቦርንና በፓርላመንት ጎዳናዎች መካከል፣ አብዛኞቹ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የተገነቡ ረጃጅም የመኖሪያ ሕንፃዎች ተጠጋግተው ቆመዋል። ሰፈሩ ሴንት ጄምስ ታውን ይባላል። በካናዳ ሕዝብ እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው ሰፈሮች አንዱ ሲሆን፣ ከነዋሪዎቹ መካከል አማርኛ ተናጋሪዎችም ይገኛሉ። ከእነዚህ ሕንፃዎች በአንዱ የሚኖሩ ባልና ሚስት ከሥራ መልስ ላፕቶፓቸውን ከፍተው፣ ባሕር ዳር ባላቸው ቦታ ላይ የሚሠሩትን ቤት በራሳቸው ይነድፋሉ እንበል። ሳሎኑ 5 ሜትር ይሁን፣ ማድ ቤቱ ወደ ጓሮ ይዙር፣ ለእናት የሚሆን ክፍል ከመግቢያው አይራቅ እየተባለ ሳምንታት ያልፋሉ። ንድፉ በቴሌግራም ይላካል፤ ባሕር ዳር ያለው ወንድም ያሳትመዋል፤ ግንበኛው ማስመሪያውን ወረቀቱ ላይ አሳርፎ ይለካና መሠረት ያስቆፍራል። ሳሎኑ 4 ሜትር ከ86 ይሆናል። የቤቱ ጠቅላላ ስፋት ደግሞ ከ10 ሜትር ወደ 9 ሜትር ከ73 ይወርዳል።

እንዲህ ሲሆን ጥፋቱ በግንበኛው ይላከካል፤ ካልሆነም «ፕሮግራሙ አበላሸን» ይባላል። በዚህ ምሳሌ ግን ግንበኛውም ፕሮግራሙም ያሳዩትን ነው የሠሩት። ስሕተቱ የተፈጠረው በማተሚያው ሳጥን ውስጥ ነው። የቤት ንድፍ ሶፍትዌሮች ተጠቃሚው ሳይነግራቸው የሚነሡበት መነሻ ቅንብር አላቸው፤ ያ ቅንብርም የአንድን አገር ወረቀት፣ መለኪያ፣ ግድግዳና ፀሐይ ይዞ የመጣ ነው። በአንድ አገር ተቀምጦ ለሌላ አገር የሚነድፍ ሰው ከሚገጥሙት ችግሮች መካከል እጅግ ውድ የሚያስከፍሉት ከዚሁ የሚመነጩ ናቸውና፣ በዛሬው ጽሑፋችን በእነዚህ ላይ እናተኩራለን።

በመጀመሪያ ከወረቀቱ እንነሣ። በካናዳና በአሜሪካ የተለመደው «ሌተር» የተባለው ወረቀት 215.9 በ279.4 ሚሊሜትር ነው። በኢትዮጵያ የምንጠቀምበት ኤ-4 ደግሞ 210 በ297 ሚሊሜትር ነው። ቶሮንቶ ላይ ለሌተር የተዘጋጀ ፒዲኤፍ ባሕር ዳር በኤ-4 ሲታተም ስፋቱ አልበቃው ስለሚል፣ ማተሚያው «ከገጹ ጋር አስማማ» በሚለው ትእዛዝ ሙሉውን ንድፍ ወደ 97.3 በመቶ ያሳንሰዋል። በ1 ለ50 መጠን 5 ሜትር በወረቀት ላይ 10 ሳንቲሜትር መሆን ሲገባው 9.73 ሳንቲሜትር ይሆናል፤ ይህም በ50 ሲባዛ ከላይ ያልነውን 4 ሜትር ከ86 ይሰጣል። በተቃራኒው ለኤ-4 የተዘጋጀ ንድፍ ሌተር ላይ ሲታተም ቅነሳው ይብሳል፤ ወደ 94 በመቶ ይወርዳል። የማተሚያው ኅዳግ ሲጨመርበት ደግሞ ከዚህም ሊያንስ ይችላል።

መፍትሔው ሦስት ነገር ነው። ንድፉ ከመላኩ በፊት የገጹ መጠን ኤ-4 ወይም ኤ-3 ተብሎ ይስተካከል። ሲታተም «ትክክለኛ መጠን» ወይም 100 በመቶ የሚለው ይመረጥ። ሦስተኛውና ዋነኛው፣ እያንዳንዱ ልኬት በቁጥር ይጻፍ፤ ከሥሩም በሜትር የተከፋፈለ የልኬት መስመር ይሳል። ወረቀቱ ቢጠብ መስመሩም አብሮ ይጠባልና ስሕተቱ ወዲያው ይታያል። ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች ከወረቀት ላይ በማስመሪያ አይለኩም፤ የተጻፈውን ቁጥር ያነብባሉ። ቁጥር በሌለበት ንድፍ ላይ ግን ምን ያንብቡ? በቴሌግራም ሲላክም ንድፉ እንደ ፎቶግራፍ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክ፤ ፎቶግራፍ ሲሆን መተግበሪያው ይጨምቀውና 3 እና 8 መለየት ያስቸግራል።

የመለኪያ አሃድ ችግር ከወረቀቱ ጋር ዘመድ ነው፤ መልኩ ግን ሌላ ነው። ከ1959 እ.ኤ.አ. ስምምነት ጀምሮ አንድ ኢንች በትክክል 25.4 ሚሊሜትር ነው። አውቶካድ ሲከፈት በኢንች የሚጀምርና በሚሊሜትር የሚጀምር የተለያየ መነሻ ገጽ ያቀርባል፤ ስኬችአፕም እንዲሁ በመጀመሪያው መስኮት የአሃድ ምርጫ ይሰጣል። ስዊት ሆም ስሪ-ዲ በተባለው ነጻ ፕሮግራም ደግሞ ምርጫው በቅንብሮች ሥር ይገኛል። በሚሊሜትር የተሳለ 900 ስፋት ያለው በር በኢንች ተነብቦ ሲገባ 22 ሜትር ከ86 ይሆናል። እንዲህ ያለው ስሕተት ያስቃል እንጂ አይጎዳም፤ ማንም ያየዋልና። የሚያስፈራው የ3 በመቶው ነው። ስለዚህ ከሌላ ሰው የመጣ ፋይል ሲከፈት ከሁሉ በፊት ስፋቱ የታወቀ አንድ ነገር፣ ለምሳሌ በር፣ በመለኪያ መሣሪያው ይለካ። በስካነር የገባ የካርታ ምስል ላይ የሚነድፉ ከሆነም ፕሮግራሙ «የዚህ መስመር ርዝመት ስንት ነው?» ሲል፣ አጭሩን ሳይሆን ረጅሙን የታወቀ ጎን ይምረጡ፤ በ2 ሜትር መስመር ላይ የተፈጠረ የ1 ሳንቲሜትር መዛባት በ20 ሜትር ላይ 10 ሳንቲሜትር ይሆናል።

አሁን ወደ ግድግዳው እንለፍ። በሰሜን አሜሪካ የሚዘጋጁ የቤት ንድፍ ፕሮግራሞች በዕቃ ቤታቸው የሚይዙት የእንጨት ክፈፍ ግድግዳ ነው። ተራው የውስጥ ግድግዳ 89 ሚሊሜትር ጥልቀት ባለው እንጨት ላይ በሁለት ወገን የ12.7 ሚሊሜትር የጂፕሰም ሰሌዳ ተመትቶበት በድምሩ 11.4 ሳንቲሜትር ገደማ ይሆናል። በአገራችን ደግሞ ግድግዳው ብሎኬት ነው። የ15 ሳንቲሜትር ብሎኬት በሁለት ወገን ሁለት ሁለት ሳንቲሜትር ልስን ሲጨመርበት 19፣ የ20ው ደግሞ 24 ሳንቲሜትር ይወጣዋል። በቤቱ ወርድ ላይ ሁለት የውጭና ሁለት የውስጥ ግድግዳዎች ቢኖሩ፣ ፕሮግራሙ በሰጠው ውፍረት 46 ሳንቲሜትር ያህል የያዙት ግድግዳዎች በተግባር 86 ሳንቲሜትር ይይዛሉ። 40 ሳንቲሜትር ከየት ይመጣል? የቦታው ወሰን አይገፋምና ከክፍሎቹ ይወሰዳል፤ ብዙውን ጊዜ ከኮሪደሩ ወይም ከመታጠቢያ ቤቱ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ግድግዳ ከመሳሉ በፊት የአዲስ ግድግዳ ውፍረት በቅንብሮቹ ውስጥ ይስተካከል። ንድፉ አልቆ ከሆነ የውጮቹንና የውስጦቹን ለየብቻ በአንድነት መርጦ ውፍረታቸውን መለወጥ ይቻላል፤ ነገር ግን የክፍሎቹ የውስጥ ልኬት ስለሚለወጥ እያንዳንዱ እንደገና ይታይ። እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያደናግር አንድ ነገር አለ። እንደ ስዊት ሆም ስሪ-ዲ ያሉ ፕሮግራሞች ግድግዳን የሚስሉት በመካከለኛው መስመር ነው። ከመስመር እስከ መስመር 4 ሜትር ተብሎ የተሳለ ክፍል፣ ግድግዳዎቹ 19 ሳንቲሜትር ከሆኑ፣ የውስጥ ስፋቱ 3 ሜትር ከ81 ነው። አልጋና ቁም ሳጥን የሚገቡት በ3 ሜትር ከ81ዱ ውስጥ ነው።

«ክፍሉን ቀለም አልቀባም አለኝ፤ ስፋቱንም አያሰላም» የሚለው ቅሬታም ከግድግዳ ይመጣል። ፕሮግራሙ ክፍልን የሚያውቀው ግድግዳዎቹ ተገናኝተው ሲዘጉ ብቻ ነው። ለዓይን የተገናኙ የሚመስሉ ሁለት ጫፎች በመካከላቸው የ1 ሚሊሜትር ክፍተት ሊኖራቸው ይችላል። ማዕዘኑን በጣም አጉልቶ ማየትና ጫፉን ሌላው ጫፍ ላይ እስኪጣበቅ መጎተት ይፈታዋል። ከመነሻውም ርዝመቱን በአይጥ እየጎተቱ ከመገመት በቁጥር መጻፍ ይሻላል።

ፀሐይን በተመለከተ ትንሽ ረዘም ብለን እንቆይ፤ ይህ ስሕተት በወረቀት ላይ ጨርሶ አይታይምና። ስኬችአፕ የተፈጠረው በአሜሪካ ኮሎራዶ፣ ቦልደር በተባለች ከተማ ሲሆን፣ ቦታ ያልተነገረው ፋይል በተለምዶ ጥላውን የሚጥለው በቦልደር ፀሐይ ነው። ቦልደር በሰሜን 40 ዲግሪ ላይ ናት፤ ቶሮንቶ 43.7፤ ባሕር ዳር ግን 11.6 ገደማ። ቶሮንቶ ላይ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከደቡብ ነው፤ በታኅሣሥ ከአድማስ 23 ዲግሪ ያህል ብቻ ትነሣለች። በዚያ አገር ትልቅ መስኮት ወደ ደቡብ ይዙር የሚባለው ይህችን ዝቅተኛ የክረምት ፀሐይ ቤት ውስጥ ለማስገባት ነው። ባሕር ዳር ላይ በታኅሣሥም ቢሆን የቀትር ፀሐይ ወደ 55 ዲግሪ ከፍ ትላለች። ከሚያዝያ አጋማሽ ገደማ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ገደማ ደግሞ ቀትር ላይ በሰሜን በኩል ነው የምትገኘው። ከፍ ያለችውን ፀሐይ የጣሪያው ክፈፍ ይከላከላታል። የሚያስቸግሩት በጠዋት ከምሥራቅ፣ ከቀትር በኋላ ከምዕራብ ዝቅ ብለው የሚገቡት ጨረሮች ናቸው፤ ስለዚህ በረንዳውና ዛፉ የሚያስፈልጉት በዚያ ወገን ነው።

ንድፍዎ ትክክለኛውን ጥላ እንዲያሳይ ኬክሮስና ኬንትሮሱን፣ የሰሜን አቅጣጫውንና የሰዓት ቀጠናውን ሦስቱንም ያስገቡ። ኢትዮጵያ ከዓለም አቀፉ ሰዓት በ3 ሰዓት ትቀድማለች፤ ላፕቶፑ ግን የቶሮንቶን ሰዓት ይዞ ነው የሚቀመጠው። በዚህ ላይ የእኛው የሰዓት አቆጣጠር አለ። አንድ ወዳጄ ቀትርን ለማየት 6፡00 ብሎ ጻፈና ቤቱ ሙሉ በሙሉ በጨለማ ተዋጠበት፤ የኮምፒውተሩን የቪዲዮ ካርድ ሊያስለውጥ ምንም አልቀረው። ፕሮግራሙ 6፡00ን የሚረዳው እንደ ንጋት 12 ሰዓት ነው፤ ቀትር ለእርሱ 12፡00 ነው።

የክፍሎቹን ስም በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ደግሞ «መኝታ ቤት» ባለበት ቦታ የጥያቄ ምልክቶች ወይም ባዶ ሳጥኖች ሊያገኝ ይችላል። በአውቶካድ የቆዩት በመስመር የተሠሩ የፊደል ዓይነቶች የግዕዝ ፊደልን አያውቁም። የጽሑፉን ዘይቤ ወደ ኒያላ፣ ወደ አቢሲኒካ ወይም ወደ ኖቶ ኢትዮጲክ መለወጥ ይበቃል። ፊደላችን ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ ቦታ ስላለው ከነዚህ በአንዱ የተጻፈው በሌላውም ይነበባል። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ የአማርኛ ፊደላት የተጻፈ የቆየ ንድፍ ከሆነ ግን የፊደል ዓይነት መለወጥ አይፈታውም፤ ጽሑፉ እንደገና መጻፍ አለበት። ለግንበኛው የሚላከው ፒዲኤፍ ፊደሉን በውስጡ እንዲይዝ ማድረግም አይዘንጋ።

መስመሮች ሲንቀጠቀጡ፣ ሲሰበሩ ወይም ከቦታቸው የሸሹ ሲመስሉ ብዙዎች ኮምፒውተራቸው ያረጀ ይመስላቸዋል። አንዳንድ ጊዜ እውነት ነው፤ የቪዲዮ ካርዱን ሾፌር ማደስ ያስተካክለዋል። የይዞታ ካርታውን የማዕዘን ቁጥሮች እንዳሉ ያስገባ ሰው ግን ምክንያቱን ሌላ ቦታ ይፈልግ። ባሕር ዳር አካባቢ ያለ ቦታ ከምድር ወገብ ያለው ርቀት በካርታ ቁጥር ወደ 1.28 ሚሊዮን ሜትር ነው፤ በሚሊሜትር ሲጻፍ 1.28 ቢሊዮን ይሆናል። ብዙ ፕሮግራሞች ምስሉን በስክሪን ላይ የሚያወጡት በ32 ቢት ቁጥር ሲሆን፣ በዚህ መጠን ላይ ሁለት ተከታታይ ቁጥሮች የሚራራቁት በ128 ሚሊሜትር ነው። ከ13 ሳንቲሜትር ያነሰ ዝርዝር ሁሉ ቦታ አጥቶ ይዘልላል ማለት ነው። መድኃኒቱ ከቦታው ማዕዘኖች አንዱን ዜሮ አድርጎ ንድፉን ወደዚያ ማንቀሳቀስና የመጀመሪያዎቹን ቁጥሮች በማስታወሻ መያዝ ነው።

ፋይል አልከፈትም ሲል ባሕር ዳር ያለው ባለሙያ የቆየ አውቶካድ ይኖረዋልና በ2010 ወይም በ2007 ቅርጽ አስቀምጠው ይላኩለት። ፋይሉ ራሱ ተበላሽቶ ከሆነ በአጠገቡ «ባክ» የሚል ቅጥያ ያለው የቀደመው ቅጂ ሊኖር ይችላል፤ ቅጥያውን ወደ ንድፍ ፋይሉ ቅጥያ ቢለውጡት ይከፈታል። በቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተር የሚሠሩ ሰዎች ፕሮግራም መጫን ስለማይፈቀድላቸው በኢንተርኔት መቃኛ የሚሠሩትን የስኬችአፕንና የስዊት ሆም ስሪ-ዲን ቅጂዎች መጠቀም ይችላሉ፤ ከመነሣታቸው በፊት ግን ሥራቸውን በራሳቸው ፍላሽ ላይ ያስቀምጡ።

ሙሉው ንድፍ ከመላኩ ቀደም ብሎ ጎኑ 10 ሳንቲሜትር የሆነ አንድ አራት ማዕዘን ብቻ ያለበት ገጽ ይላኩ። ወንድምዎ በዚያው በሚያሳትምበት ቤት ያሳትመው፣ በማስመሪያ ይለካው፣ ማስመሪያው ከወረቀቱ ላይ ሳይነሣም ፎቶ አንሥቶ ይላክልዎ። 9.7 ካለ፣ መሠረቱ ገና አልተቆፈረምና ማስተካከያው የአንድ ወረቀት ዋጋ ነው።