ከአንድ ጀበና 30 ጀበና፦ በሲሊኮን ቅርጽ ማባዛት

እዚህ ሆዳን ከምንኖረው መካከል የእጅ ሙያ ያለው ሰው ጥቂት አይደለም። የሚቸግረው ትዕዛዝ ሲመጣ ነው። አንድ ደንበኛ ጀርባዋ ጠፍጣፋ የሆነች ትንሽ ጌጠኛ ጀበና አይቶ፣ «ለሠርግ ማስታወሻ በሁለት ሳምንት 30 አድርሱልኝ» ቢል፣ እያንዳንዷን በእጅ ቀርጾ ማድረስ ከባድ ነው። ለፋብሪካ ደግሞ 30 ቁጥሩ እጅግ ትንሽ ነው። ለእንዲህ ያለው ሥራ የሲሊኮን ቅርጽ ማውጫ ይስማማል።

ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። የአገራችን አንጥረኞች መስቀልና ጌጥ ከሚያወጡባቸው ጥንታዊ መንገዶች አንዱ በሰም ነው። ሰሙ ይቀረጻል፣ በጭቃ ይለበጣል፤ በእሳት ሲሞቅ ሰሙ ቀልጦ ይወጣና በቦታው ብሩ ወይም ወርቁ ይፈሳል። ቅኔያችንም «ሰምና ወርቅ» የሚለውን ስም ያገኘው ከዚሁ ሥራ ነው። ሆኖም ጭቃው ካልተሰበረ ዕቃው አይወጣም፤ ስለዚህ ለ30 መስቀል 30 ጊዜ ሰም ማዘጋጀት ያስፈልጋል። ሲሊኮን ግን እንደ ጎማ ስለሚለጠጥ ዕቃውን ለቅቆ ለሚቀጥለው ይቆያል። (ብር በቀጥታ አይፈስበትም፤ ሙቀቱን አይችልም።)

ሥራው የሚጀመረው ከናሙናው ነው። ሲሊኮን የጣት አሻራ እንኳ ሳይቀር ይቀዳል፤ በናሙናው ላይ ያለች አንዲት ጭረት 30 ጊዜ ትደገማለች። ስለዚህ በብርጭቆ ወረቀት በደንብ ያለስልሱት። ከእንጨት ወይም ከጄሶ የተሠራ ከሆነ ቨርኒሽ ቀብተው ያድርቁት። ቀጥሎ ከኮምፔንሳቶ ሣጥን ይሥሩና ናሙናውን ከወለሉ ጋር ያጣብቁ፤ በዙሪያው አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍት ቦታ ይተዉ።

ምን ያህል ሲሊኮን እንደሚበቃ ለማወቅ፣ ናሙናው በአንድ ሳንቲ ሜትር እስኪሸፈን ድረስ ሣጥኑን በሩዝ ይሙሉት፤ ከዚያ ሩዙን መለኪያ ባለው ጆግ ገልብጠው ያንብቡ። 300 ሚሊ ሊትር ካለ 400 ግራም ሲሊኮን ይበቃል። ይህ ቫዝሊን ከመቀባቱ በፊት ይሁን፤ ሩዙ ለእራት ይፈለጋል። ከዚያ በኋላ ናሙናውንና ሣጥኑን ቫዝሊን በስሱ ይቀቡ።

አሁን ዋናው ነገር ሚዛን ነው። ማጠንከሪያው እንደ ዓይነቱ ለ100 ግራም 2፣ 5 ወይም 10 ግራም ይሆናል፤ እኩል በእኩል የሚቀላቀልም አለ። በዕቃው ላይ የተጻፈውን ይከተሉ። እኔ በመጀመሪያው ሥራዬ በዓይኔ ገምቼ ጨመርሁ። ሲሊኮኑ በሦስተኛው ቀን እንኳ እንደ ሙጫ ይጣበቅ ነበር፤ ናሙናውም አብሮ ተበላሸ፤ የገዛሁበት ገንዘብ ደግሞ የብድር ነበር። ሚዛን ያላት ጎረቤቴ ሁለት በር ርቃ ነው የምትኖረው! እኩል በእኩል የሚቀላቀለው ዓይነት ድኝ ያለበትን የመቅረጫ ጭቃና የላቴክስ ጓንት ከነካ ላይጠነክር ይችላል፤ አስቀድመው በጥቂቱ ይሞክሩት።

የእኛ ሙቀትም ይታሰብበት። በዕቃው ላይ የሚጻፈው የመሥሪያ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ለ25 ዲግሪ አካባቢ የታሰበ ነው። የጅቡቲ በጋ ከ40 ሲያልፍ ሲሊኮኑ ገና በጣሳው ውስጥ ሊጠጥር ይችላል። ማለዳ ይሥሩ። ሲያፈሱ ከከፍታ፣ በቀጭኑ፣ ከሣጥኑ አንድ ጥግ ብቻ ያፍስሱ፤ አረፋው ይቀንሳል። ቢደርቅም እንኳ አንድ ሌሊት ይተዉት።

ለመጀመሪያ ጊዜ ጄሶ እመክራለሁ። ጄሶውን ወደ ውኃው ይጨምሩ፤ ውኃውን ወደ ጄሶው አይጨምሩ። ሬዚን ይበልጥ ጠንካራና የሚያበራ ቢሆንም አደጋ አለው። ለጀልባ ሥራ የሚውለው ፖሊስተር ሬዚን እንፋሎቱ በእሳት ይያያዛል፤ ከሰል በሚነድበት ወይም ልጆች በሚተኙበት ክፍል ፈጽሞ አይቀላቀልም። ማጠንከሪያው ዓይን ሊያሳውር ስለሚችል መነጽር ያድርጉ፤ ከነካዎት ወዲያውኑ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በብዙ ውኃ ታጥበው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ፖሊዩሬቴን የተባለው ደግሞ እርጥበት ካገኘው እንደ ሊጥ ይነፋል፤ ለባሕር ዳር ሰው አስቸጋሪ ነው።

ከመዋዋልዎ በፊት ጊዜውን ያስሉ። አንዷ የጄሶ ጀበና በቅርጹ ውስጥ አንድ ሰዓት ብትቆይ፣ በአንድ ቅርጽ በቀን 8 ይወጣል፤ 30ውን ለመጨረስ አራት ቀን፣ ከዚያም ለማድረቅ ተጨማሪ ቀናት ያስፈልጋል። ፖሊስተር ሬዚን ቅርጹን ቀስ በቀስ ያደርቀዋል፣ ጠርዙም መቀደድ ይጀምራል፤ ስለዚህ የሬዚን ትዕዛዝ ከተቀበሉ የሁለተኛ ቅርጽ ዋጋ ከሒሳቡ ውስጥ ይግባ። የዕቃውንም መግዣ በቅድሚያ ይቀበሉ። ሥራው ሲያልቅ ቅርጹን አንድ ጀበና በውስጡ እንዳለ በጠፍጣፋ ቦታ ያስቀምጡና ከካምሲን አቧራ ይሸፍኑት፤ ባዶውን ከተቀመጠ ይጣመማል።