የእንስሳት ክትባትና የወረርሽኝ መከላከል፦ ከደስታ በሽታ የተገኘ ትምህርት

በ1880ዎቹ መጀመሪያ በሀገራችን ለደረሰው፣ «ክፉ ቀን» ተብሎ ለሚታወቀው ረኃብ ከዋነኞቹ መንስኤዎች አንዱ «ደስታ» የተባለው የከብት በሽታ ነበር። ቫይረሱ ሰውን አይዝም፤ ይሁን እንጂ የእርሻ በሬዎችን በመፍጀቱ ማሳው ጦም አደረ፤ ሕዝብም አለቀ። ሌሎች በሽታዎች ግን ወደ ሰው ይሻገራሉ። የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፣ በሰው ላይ አዲስ ከሚከሠቱ ተላላፊ በሽታዎች ከ4ቱ 3ቱ ያህሉ ምንጫቸው እንስሳት ናቸው።

ክትባቱ እንዴት ይዘጋጃል?

በመጀመሪያ ከታመመ እንስሳ ናሙና ተወስዶ ተሕዋሱ በላቦራቶሪ ይለያል። ቀጥሎም ተሕዋሱ እንዲዳከም ወይም እንዲሞት ይደረጋል። ከዚያም ደኅንነቱና የመከላከል ብቃቱ ይፈተሻል። በሀገራችን ክትባት የሚያመርተው ብሔራዊ የቬተሪናሪ ኢንስቲትዩትም ሆነ የክትባቶችን ጥራት የሚመረምረው የአፍሪካ ኅብረት ማዕከል፣ ፓንቫክ፣ የሚገኙት በቢሾፍቱ ነው።

ለደስታ በሽታ ውጤታማው ክትባት በ1950ዎቹ በኬንያ በዋልተር ፕላውራይት ተዘጋጀ። ሆኖም ማቀዝቀዣ ስለሚፈልግ ወደ ቆላው ማድረስ አዳጋች ነበር። በኋላ ሙቀትን የሚቋቋም ክትባት ሲሠራ፣ በአፋር ከአርብቶ አደሩ መካከል የሠለጠኑ ከታቢዎች ይዘውት ከመንጋው ደረሱ። ኢትዮጵያ በ2000 ዓ.ም. ከበሽታው ነጻ መሆኗ ተረጋገጠ። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ በሽታው ከፈንጣጣ ቀጥሎ በሰው ጥረት ከዓለም የጠፋ 2ኛው በሽታ ሆነ። ዛሬም የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታን እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማጥፋት በዚሁ መንገድ እየተሠራ ነው።

ከነዋሪው ምን ይጠበቃል?

በሀና ማርያምም ሆነ በሌሎች የከተማችን ዳርቻዎች እንስሳት ከቤተሰብ ጋር በአንድ ግቢ ስለሚያድሩ፦

1. ከብት፣ በግ ወይም ፍየል የሚያረባ ሰው የክትባት ወቅቱን ከወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠይቆ ያስከትብ።
2. ለበዓል የተገዛ በግ ከሌሎች እንስሳት ተለይቶ ይቆይ።
3. የታመመ እንስሳ አይታረድ፣ አይሸጥ። በድንገት የሞተ እንስሳ አባ ሰንጋ ሊኖርበት ስለሚችል አይገፈፍ፣ ሥጋውም አይበላ።
4. ያልተለመደ ሕመም ወይም ሞት ሲታይ በዕለቱ ለባለሙያው ይነገር።

ክትባት በላቦራቶሪ ቢሠራም መነሻውም መድረሻውም የአርቢው ደጅ ነው። ባለቤቱ ሕመሙን ከደበቀ ናሙና አይገኝም፤ እንስሳውን ካላስከተበም የተዘጋጀው ክትባት ከመደርደሪያ አይወርድም።