የመምህርና የተማሪ መቀራረብ — ከበቆጂ ሜዳ የምንማረው

በዚህ ጽሑፍ ስለ መምህርና ተማሪ መቀራረብ ጥቂት እንወያያለን። ይህን ርእስ የመረጥነው በዩኒቨርሲቲ ስለ ተማርነው ብቻ አይደለም። ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ወደ በቆጂ ስንመለስ ሦስት ሆነን የሕፃናትን ክፍል እንድናስተምር ተመድበን ነበር፤ በዚያን ጊዜ በራሳችን የደረሰ ነገር ስላለ ነው። እርሱን ኋላ እንመለስበታለን።

በመጀመሪያ አባቶቻችን መምህርንና ተማሪን በምን ስም ይጠሯቸው እንደ ነበረ እንመልከት። የፊደል መምህር «የኔታ» ይባላል፤ «የእኔ ጌታ» ማለት ነው። ተማሪው ደግሞ «ደቀ መዝሙር» ይባላል፤ «ደቅ» ልጅ ማለት እንደ ሆነ ግእዝ የቀመሰ ሁሉ ያውቃል። እንግዲህ በስሙ ብቻ እንኳ ግንኙነቱ የቤተ ሰብ ግንኙነት ነው። አሠራሩም እንዲሁ ነበር። ሕፃኑ ከፊደል ወደ አቡጊዳ፣ ከዚያም ወደ መልእክተ ዮሐንስና ወደ ዳዊት የሚሻገረው ከጓደኞቹ ጋር በአንድ ቀን ተቆጥሮ አይደለም፤ የኔታ ፊት ቀርቦ ብቻውን አንብቦ፣ ስሕተቱ ታርሞለት፣ ሲበቃው ነው። ዐይናቸውን ያጡ የኔታዎች ተማሪውን በድምፁ ለይተው «አንተ እገሌ፣ ትላንት ያልኩህን ረሳኸው?» ይሉ ነበር። የቀደመው ተማሪ ደግሞ ተከታዩን ያስቀጽላል፤ ስለዚህ ማንም ብቻውን አይቀርም። አለንጋውንና ቁንጥጫውን ግን አንደብቅም፤ በዚያ ፍርሃት ከትምህርት የሸሸም ልጅ ብዙ ነው። እኛ ከየኔታ ልንወስድ የሚገባን አለንጋውን ሳይሆን ልጁን ለይቶ ማወቁን ነው።

በዘመናዊው ትምህርት ቤት ነገሩ ከበድ ይላል። የአገራችን የትምህርት መለኪያ በአንደኛ ደረጃ በአንድ ክፍል 50፣ በሁለተኛ ደረጃ 40 ተማሪ ይላል፤ ከዚያ በላይ ተጨናንቆ የተማረ ከመካከላችን ጥቂት አይደለም። ታላላቆቻችን ደግሞ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባውን «ፕላዝማ» ያስታውሱታል። በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀው ትምህርት በሳተላይት እየመጣ፣ የክፍለ ጊዜው አብዛኛው ክፍል በቴሌቪዥኑ መምህር ይያዝ ነበር። ዝግጅቱ መልካም፣ ሥዕሉም የጠራ ነበር ይላሉ። ነገር ግን የፕላዝማው መምህር ጥያቄ ይጠይቅና ጥቂት ጠብቆ፣ መልስ የሰጠው ቢኖርም ባይኖርም «በጣም ጥሩ!» ብሎ ያልፋል። ታላላቆቻችን ይህን ሲያወሩ ይሥቃሉ፤ እኛም አብረን ሥቀናል። ይሁን እንጂ ነገሩ የሚያሥቅ ብቻ አይደለም። ያ መምህር ሁሉንም ነገር ያውቅ ነበር፤ ከፊቱ የተቀመጠውን ልጅ ግን አያየውም።

አሁን ወደ ከተማችን እንምጣ። በቆጂን ዓለም የሚያውቃት በሯጮቿ ነው። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10,000 ሜትር፣ ፋጡማ ሮባ በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ በማራቶን ወርቅ አገኙ። ቀነኒሳ በቀለ በ1996 ዓ.ም. በአቴንስ ተከተለ። በ2000 ዓ.ም. በቤጂንግ ኢትዮጵያ ያገኘቻቸውን አራቱንም ወርቆች ያመጡት ሁለት የበቆጂ ልጆች፣ ቀነኒሳና ጥሩነሽ ዲባባ፣ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ናቸው። በ2004 ዓ.ም. በለንደን ደግሞ ጥሩነሽ በ10,000፣ ቲኪ ገላና በማራቶን አሸነፉ። ይህንን ሕፃን ሁሉ ስለሚያውቀው አናራዝመውም።

ምክንያቱ ምንድን ነው ሲባል ብዙ ሰው ከፍታው ነው ይላል። በእርግጥ ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ላይ ናት። ገብሱም፣ ወደ ትምህርት ቤት በእግር መመላለሱም ይነሣል። ነገር ግን በአገራችን ከፍታው ከበቆጂ የማያንስ ከተማ ሌላም አለ፤ ደብረ ብርሃን አንዱ ነው። ገብስ የሚበላና በእግሩ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅም በየደጋው ሞልቷል። በእኛ አስተያየት ከእነዚህ ጋር አብሮ መነሣት የሚገባው የአንድ መምህር ሥራ ነው። አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ሥራቸውን የጀመሩት በበቆጂ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ሆነው ነው። የሥራ መዘርዝራቸው የሚጠይቃቸው ልጆቹን አሰልፎ ሰውነት ማፍታታትና ውጤት መሙላት ብቻ ነበር። እርሳቸው ግን ከሰልፉ መካከል ይህች ልጅ እንዴት ትሮጣለች፣ ይህ ልጅ እስከ የት ይችላል እያሉ አንድ በአንድ ተመለከቱ። ጎሕ ሲቀድ፣ ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት ሰዓት፣ ከልጆቹ ጋር ሜዳ ላይ ተገኙ። ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም፣ ጫማ ያለውንም የሌለውንም በአንድ መስመር አሠለጠኑ። ከላይ የዘረዘርናቸው ስሞች በእርሳቸው እጅ ያለፉ ናቸው።

ደግሞም አንድ ነገር ልብ እንበል። በዚያ ሜዳ ከሮጡት ልጆች የሚበዙት ሻምፒዮን አልሆኑም፤ ዛሬ ነጋዴ፣ ገበሬ፣ መምህር ናቸው። ከእነርሱ መካከል ከኛ ጋር ያወጋን አንድ ጎረቤታችን ስለ ሩጫው ብዙ አላለንም፤ «አንድ ቀን ብቀር ለምን ቀረህ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ነበረ» አለን። ስለ በቆጂ በ2004 ዓ.ም. የወጣው «ታውን ኦፍ ራነርስ» የተባለ ዘጋቢ ፊልምም ከከተማችን ወደ ሌላ ቦታ ክለብ የሄዱ ልጃገረዶችን ያሳያል፤ ከሚያውቋቸው አሠልጣኝ ከራቁ በኋላ ሁሉም ነገር እንደ ጠበቁት አልሆነላቸውም።

ይህ ነገር በምርምርም ተፈትኗል። በ1968 እ.ኤ.አ. ሮዘንታልና ጃኮብሰን የተባሉ አሜሪካውያን ስለ አንድ የካሊፎርኒያ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጻፉት መጽሐፍ አለ። ከተማሪዎቹ ከአምስቱ አንዱን ያህል በዕጣ መርጠው፣ ለመምህራኑ «እነዚህ ልጆች በዚህ ዓመት ብዙ ይሻሻላሉ» አሏቸው። ልጆቹ ከሌሎቹ በምንም የተለዩ አልነበሩም። በዓመቱ መጨረሻ ሲፈተኑ በተለይ በአንደኛና በሁለተኛ ክፍል የነበሩት ከጓደኞቻቸው በልጠው ተገኙ። ጥናቱ ኋላ ብዙ ክርክር ተነሥቶበታል፤ ውጤቱም መጀመሪያ የተባለውን ያህል ትልቅ አይደለም የሚሉ አሉ። ቢሆንም መምህር ተማሪውን የሚያይበት ዐይን ምንም አይለውጥም የሚል ግን ብዙ የለም።

እንግዲህ ወደ ራሳችን ጉዳይ። ያን ክረምት በክፍላችን ውስጥ አንድ የአሥር ዓመት ያህል ልጅ ነበረ። ሁልጊዜ አርፍዶ፣ እግሩ ጭቃ ለብሶ ይመጣል። እኛም ሥርዓት እናስተምራለን ብለን በር ላይ አቁመን በልጆቹ ፊት ገሠጽነው፤ ልጆቹም ሣቁ። በሦስተኛው እሑድ ቀረ። በመዝገቡ ላይ «ቀሪ» ብለን ጻፍን። በአራተኛውም «ቀሪ» ጻፍን። የክፍሉ ልጆችም እየሳሱ ሄዱ፤ እኛ ግን ዝናቡ ነው አልን። በኋላ አንዲት ሕፃን «እሱ እኮ የአያቱን ላሞች አሰማርቶ ነው የሚመጣ» አለችን።

ወደ ቤቱ ሄድን። አያቱ ቡና አፍልተው ተቀበሉን። «እናንተ ናችሁ እንዴ አስተማሪዎቹ? ኑ፣ ግቡ ልጆቼ» አሉን። ከዚያም «ለመሆኑ ማን ብላችሁ ነው የምትጠሩት?» ብለው ጠየቁን። ሦስታችንም ተያየን። በመዝገቡ ላይ ያለው የክርስትና ስሙ ነበር፤ እርሱንም ቢሆን ጠርተነው አናውቅም። «አንተ ኋላ ያለኸው» ነበር የምንለው። የመልካሙን እረኛ ምሳሌ፣ የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 10ን፣ በዚያው ወር አስተምረን ነበር!

ልጁ ከጓዳው በር ጀርባ ቆሞ ይሰማ ነበር። አያቱ ጠሩትና መጣ፤ የቤት ስሙንም ያን ጊዜ ሰማን። ይቅርታ ጠየቅነው። ለሕፃን ይቅርታ መጠየቅ ለኛ ያልተለመደ ስለ ሆነ አፋችን ተሳሰረ፤ እርሱም ዐይኑን ከመሬት አላነሣም። በሚቀጥለው እሑድ ግን መጣ። በር አጠገብ ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ ያደረግነው ትንሽ ነው። የክፍሉን ሰዓት በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ገፋነው፤ ከብት የሚያሰማሩት ልጆች አንድ እርሱ ብቻ እንዳልነበሩ የታወቀንም ያን ጊዜ ነው። በመዝገቡ ላይ አንድ ረድፍ ጨምረን የቤት ስማቸውን፣ ከማን ጋር እንደሚኖሩና ከመምጣታቸው በፊት ምን እንደሚሠሩ ጻፍን። ሁለት እሑድ የቀረ ልጅ ካለ ከሦስታችን አንዱ ቤቱ ይሄዳል አልን። ልጆቹ ሁሉ አልተመለሱም፤ ግማሾቹ ግን ተመለሱ። መዝገቡን አሁን ለሚያስተምሩት እኅቶች አስረክበናል፤ እባካችሁ ያን ረድፍ ባዶ አትተዉት።

መስከረም ላይ ወደ ዩኒቨርሲቲ ስንመለስ ያ ልጅ እስከ መኪና ማቆሚያው ሸኝቶን «ትመለሳላችሁ?» አለን። ለጥምቀት እንመጣለን አልነው። ለጥምቀት ግን ፈተና ያዘን፤ አልመጣንም። ይህን ጋዜጣ ከምታነቡት መካከል በሰፈሩ የምታልፉ ካላችሁ፣ ለፋሲካ እንደምንመጣ ንገሩልን፤ በቤት ስሙ ጠርታችሁ።