ማክበብ ብቻ ወይስ መጻፍም?

ልጆቻችን ተፈትነው ሲመለሱ «እንዴት ነበር?» ብንላቸው፣ «ቀላል ነው፤ ምርጫ ነው» ይሉናል። ለመሆኑ የምርጫ ፈተና ቀላል ነውን? የማብራሪያውስ ለምን ይፈራል?

ምሳሌ ከሰሜን ሸዋ እንውሰድ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ ከታጁራና ከሐረር የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች፣ አብዛኞቹም ሙስሊሞች፣ የሚገበያዩት ከአንኮበር ዳገት ሥር በአልዩ አምባ ነበር። አንድ የደብረ ብርሃን የታሪክ መምህር «የገበያው ስም ማን ነው?» ብሎ አራት ምርጫ ሊያቀርብ ይችላል። ወይም «ገበያው መናገሻው ከተማ ውስጥ ሳይሆን ከዳገቱ ሥር የሆነው ለምንድን ነው?» ሊል ይችላል። ለመጀመሪያው ፊደል ማክበብ ይበቃል። ለሁለተኛው ግን ተማሪው ግመል የቆላ እንስሳ መሆኑን፣ የደጋና የቆላ ሸቀጥ የሚገናኝበት ቦታ ለሻጭም ለገዢም ለቀራጭም እንደሚመች አያይዞ መጻፍ አለበት።

ይህ ሲባል ምርጫ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። 40 ጥያቄ መጽሐፉን በሙሉ ይዳስሳል፤ ማንም ቢያርመው ውጤቱ አንድ ነው፤ ብዙ ተማሪ ላለው መምህርም ያግዛል። ነገር ግን አራት አማራጭ ባላቸው 40 ጥያቄዎች ምንም የማያውቅ ተማሪ በግምት ብቻ በአማካይ 10 ያገኛል። ፊደል ደግሞ በጥቅሻ ይሰረቃል። የ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ሾልኮ የተቋረጠውን እናስታውሳለን። የ2014 ዓ.ም. ተማሪዎች በጥቅምት 2015 በየዩኒቨርሲቲው በጥብቅ ቁጥጥር ሲፈተኑ፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ማብራሪያም ጉድለት አለው። ጥያቄው ጥቂት ስለሆነ ያላጠናው ምዕራፍ የመጣበት ተማሪ ይወድቃል። የእጅ ጽሑፍ ውበት፣ የመምህሩ ድካም፣ የተማሪው ስም እንኳ ማርኩን ሊያዛባው ይችላል።

መፍትሔው ሁለቱን ማጣመር ነው። መምህሩ ለምርጫው አንድ ሁለት የማብራሪያ ጥያቄ ይጨምርበት። ከማረሙ በፊት የሚጠበቁትን ነጥቦችና ማርካቸውን ይጻፍ፤ ስም ሸፍኖ፣ የሁሉንም ተማሪ አንድ ጥያቄ ጨርሶ ወደ ሚቀጥለው ይለፍ። ተማሪውም «ዘርዝር»፣ «አወዳድር»፣ «አብራራ» የሚሉት ትእዛዞች የተለያዩ መሆናቸውን ይገንዘብ፤ በምርጫ ፈተናም አማራጮቹን ከማየቱ በፊት መልሱን ራሱ ያስብ።

ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ደረሳው ከሸኹ ፊት ቀርቦ የሚቀራው አንብቦ ለማለፍ ብቻ አይደለም፤ ትርጉሙን ሲጠየቅ ካልመለሰ ተመልሶ ይቀራል እንጂ ወደፊት አይሄድም። ወላጆችም ዛሬ ማታ ልጆቻችንን «ስንት አመጣህ?» ከማለት አልፈን «ለምን እንዲህ ሆነ?» ብለን እንጠይቃቸው። አክብቦ ያለፈ፣ ሕይወት ስትጠይቀው የሚያከብበው ፊደል አያገኝምና።